ለግሬይ እናት የተጻፈ ደብዳቤ

ማርሎው፣ አዮዋ
ኦገስት 22፣ 1904

ለዊልበር ክሬን፣ ለጠማማ አፍንጫው ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ቤቱም ደህና ነው፣ ጣራው እንደ ወትሮው ያፈሳል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነው። መልሱን ያዘገየሁት ተናድጄ ስለነበር ነው፣ ይቅር በለኝ። አሁንም ቢሆን አልበረደልኝም፤ ግን የኮሌጁ መክፈቻ ስለደረሰ የግዴን ብዕር አነሳሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ እሺ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኔት አንተ ዘንድ ይምጣ። የኬሚስትሪ መምህሮቻችሁ ጥሩ ናቸው ካልክ አምንሃለሁ። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፣ ዕድሜ ልኩን የእኔን ተከራዮች ሰሃን ሲያጥብ አይኖርም። ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ በምታሰለጥነው ቡድን ውስጥ ይጫወት ለሚለው፣ ግን አይ ብያለሁ። "ትንሽ ቢሞክረው ምን አለበት" ትለኛለህ? ደግሞ አንተ ብሎ ይህን ጻፊ! እኔን በዚያ ሜዳ ላይ ማንም አልመታኝም፤ ግን እሳት ካየው ምን ለየው።

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። አሥር ዓመት ሆነው። የኛ ከተማ ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ነበርክ። የጨዋታውን ምልክት የምትጠራው አንተ፣ ኳሷን መጀመሪያ የምትይዘው አንተ፣ ስለዚህ አሥራ አንድ ሰው መጀመሪያ የሚከመረው አንተ ላይ ነበር። ያን ቀን አሸንፋችሁ ሕዝቡ በትከሻ ተሸክሞ እስከ በራችን አመጣህ። ገብተህ ምሳ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምክና እናቴን "ይቅርታ እመቤት፣ እዚህ ቤት አልጋ ይከራያል?" ብለህ ጠየቅካት። እዚያው ቤት ተከራይተህ ከኖርክ እኮ ሦስት ዓመትህ ነበር። እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ቆይታ ፊትህን ስታየው ማንኪያውን አስቀመጠች። ስሟን እስክታውቅ ድረስ አራት ቀን ፈጀብህ፣ የግራ ጆሮህም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ኔት ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሱ ጠረጴዛው አጠገብ አልነበረም፤ ያየው በትከሻ ተሸክመውህ ሲመጡ ብቻ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

እናቴ ስትሞት "ልጁን ሙሉ አካሉን አሳድጊልኝ" ነው ያለችኝ። ስለዚህ ሜዳ አላስገባውም ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ልጁን ባቡር ላይ አሳፍረዋለሁ። እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ አይልም።

አዳ ሆልከም


ብሬተን፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 14፣ 1904

ለእመቤት አዳ፣ ለቤቱ አዛዥ፤

ሰላምታዬ ከነጠማማ አፍንጫዬ ይድረስሽ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንደ ፍርድ ቤት ፎርም አጭር አድርጌ ስለላክሁት ተቆጥተሽ ይሆናል፤ ይኸው አሁን በደንብ ልጻፍ። እኔ ዊልበር ክሬን ኔት ሆልከምን ሜዳ አላስገባውም። በእናትሽ ነፍስ ምዬ ነው ያልኩት፤ እሷ ለእኔም እናቴ ነበረች።

ልጁ በደህና ደርሷል። ከሻንጣው የምትበልጥ የፖም ማርማላታ ሳጥን ተሸክሞ ነው የመጣው። ምን አሳቢ ነሽ! የክፍሉ ልጆች ግማሹን ጨርሰዋል፣ ሩቡን ደግሞ እኔ። ጠዋት ጠዋት ትምህርቱን ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ልምምዳችንን ያያል። ማየት አልከለከልሽም፤ ነው ወይስ ከልክለሻል?

ስለ እኔ የጠየቅሽውን ልመልስ። ራስ ምታቱ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ሰኞ ይሄዳል። ሚስት አላገባሁም፤ በስምንት ዓመት አምስት ኮሌጅ ያዳረሰ አሰልጣኝ ማን ያገባል? አሰልጣኝ ማለት ተከራይ ማለት ነው፤ ያሸነፈ ዓመት አልጋ ይነጠፍለታል፣ የተሸነፈ ዓመት ሻንጣው በር ላይ ይቆየዋል። አምና በኖቬምበር መጨረሻ፣ በምስጋና ቀን ግጥሚያ፣ ጎረቤታችን ኮሌጅ ደበደበን። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዘንድሮም ብትሸነፍ ሻንጣህን አዘጋጅ ብሎኛል፣ በጨዋ ቋንቋ።

የዘንድሮው ምልክት ጠሪያችን ሄስ የሚባል ልጅ ነው። እግሩ ጥሩ፣ ጭንቅላቱ ግን ውሃ ነው፤ የምልክቶቹን ቁጥሮች ይረሳል። እኔ ደግሞ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ከጥግ አንዲት ቃል መተንፈስ በጨዋታው ደንብ ተከልክያለሁ። ተቀምጬ ሣር እነጫለሁ። አምና በመጨረሻው ጨዋታ አንድ መደብ መሬት ራሰ በራ አድርጌያለሁ።

ደህና ሁኚልኝ፣
ዊልበር


ማርሎው
ኦክቶበር 4፣ 1904

ለወንድሜ ዊልበር፤

ማየቱን አልከለከልኩም። አየህ፣ ደግ ሴት ነኝ።

የከተማችሁ ጋዜጣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይደርሰኛል፤ ገና ከበሩ ሳልገባ የስፖርቱን ገጽ ነው የምገልጠው። ተከራዮቼ ይስቁብኛል። የሄስ አንገት አጥንት መሰበሩን አነበብኩ፤ ምስኪን፣ እግዜር ይማረው። ቀጥሎ ደግሞ ስለ አዲሱ ልጅ አነበብኩ፦ "ጆን ግሬይ የተባለ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወጣት የብሬተንን ጨዋታ እንደ ነባር ተጫዋች መራው" ይላል። ሳቄ መጣ። ግሬይ የድሮው ፈረሳችን ስም አይደል? ልጁ እግሩ ከፈረሳችን የተሻለ እንዲሆን ጸለይኩለት። ሁለቴ ወድቆ ሁለቴ እንደተነሳ ጽፈዋል፣ ያንንም እንደ ሙገሳ ነው የጻፉት። ይህን ያስተማርከው አንተ ነህ አይደል? የማን ልጅ ነው? እናት አለችው?

ስለ ኔት አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሚልክልኝ ደብዳቤ ላይ ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው መስሏል። ጣቴን በር ቀጠቀጠኝ አለ። የቱ በር ነው? ሄደህ እየው፤ ካበጠ በጨው ውሃ ይዘፍዝፈው። እኔ ስጠይቀው ይቀልድብኛል፤ አንተ ግን አትዋሸኝም።

አዳ


(ይህ ደብዳቤ ከዊልበር ክሬን የጠረጴዛ መሳቢያ የተገኘ ነው፤ አልተላከም።)

ብሬተን
ኦክቶበር 8፣ 1904፣ ጠዋት

አዳ፤

ጣቱን የቀጠቀጠው በር አይደለም። ግሬይ ኔት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና ከፈለግሽ ስደቢኝ። ሄስ በልምምድ ላይ ቁጥር ሲሳሳት ከአጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ ያርመው ነበር። ኔት ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ምልክቶቻችንን ሁሉ ቆሞ በማየት ብቻ ለቅሟቸዋል። እኔ ከሃያ ልጆች ጋር አንድ ወር ለፍቼ ያላገኘሁትን! የሄስ አጥንት የተሰበረ ዕለት ራሱ መጣና "አሁንስ?" አለኝ። አይሆንም አልኩት። በማግስቱም መጣ፣ አይሆንም አልኩት። በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ሰዎች ቢሮዬ ተቀምጠው ነበር፤ ምልክት ጠሪ ከሌለህ ሌላ አሰልጣኝ እንፈልጋለን እያሉ። ከወጡ በኋላ ልጁ በሩ ላይ ቆሟል። ያን ጊዜ አይሆንም አላልኩትም።

የቤተሰብ ስማችሁን ጋዜጣ ላይ እንዳታዪው ብሎ ይህን ስም ራሱ መረጠ። "የፈረሳችን ስም ይሁን፤ እሱም ሳያማርር ይጎትት ነበር" ብሎ ሳቀ። እዚህ ነገሩ የተለመደ ነው። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ በራሳቸው ስም አይጫወቱም። የአንዱ አባት ፓስተር ነው፤ ልጁ ቅዳሜ አፍንጫው ሲደማ ይውልና እሁድ መዝሙር ይመራል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። የመዝገብ ቤቱ ሰው ስም ብለን የሰጠነውን ይጽፋል።

ደግሞ ልጁ ጎበዝ ነው አዳ። ከእኔ ይበልጣል። ምልክቱን ሲጠራ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሳየው ራሴን በሃያ ዓመቴ፣ ጆሮዬ ሳይደነቁር ያየሁ ይመስለኛል፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ ስታነቢ በማግስቱ ባቡር ተሳፍረሽ መጥተሽ በጆሮው ይዘሽ እንደምትወስጂው አውቃለሁ። ደግሞም ልክ ነሽ።


ብሬተን
ኦክቶበር 9፣ 1904

ለእህቴ አዳ፤

የኔትን ጣት አይቼዋለሁ፤ እየዳነ ነው፣ በጨው ውሃም ዘፍዝፈነዋል። በደንብ ይበላል፤ ባለፈው ሳምንት ሰባት እንቁላል ባንድ መቀመጫ ሲበላ አይቼ ደንግጫለሁ።

ስለ ግሬይ የጠየቅሽው፣ ጥሩ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሩቅ ነው። መጫወቱንም አያውቁም፤ እንዳይጨነቁ ብሎ ደብቋቸዋል። በየኮሌጁ ብዙ እንዲህ ያለ አለ፣ አትገረሚ። እጠብቀዋለሁ።

ለመዘግየቴና ለማሳጠሬ ይቅርታ፤ ራሴን ያመኛል።

ዊልበር


ማርሎው
ኦክቶበር 25፣ 1904

ዊልበር፤

ልቆጣህ ነውና ተቀመጥ።

ቤተሰቡ አያውቁም ትለኛለህ፣ "አትገረሚ" ትለኛለህ! እንግዲህ ያች ሴትዮ የትም ትሁን የት እንደኔ ጋዜጣ ትገልጣለች። "ግሬይ ተረገጠ፣ ግሬይ ተነሳ" የሚለውን አንብባ፣ የማን ልጅ ይሆን ምስኪን ብላ ከንፈሯን መጥጣ፣ ገጹን አጥፋ እንጀራ ፍለጋዋን ትቀጥላለች። የራሷ ልጅ ነው! እንዴት አስቻለህ? አንተ አሰልጣኙ ነህ፣ አባት በሌለበት አባቱ ነህ። ዛሬውኑ ጻፍላት። አድራሻዋን ልጁ እምቢ ካለ በጆሮው ይዘህ አውጣጣው።

ሌላም አለኝ። ጨዋታ ላይ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ከሜዳ ከወጣ እስከ መጨረሻው አይመለስም ትለኝ የነበረው ሕግ እስካሁን አለ? በዚያ ምክንያት ነበር አንተም ያን ቀን ሳትወጣ የቀረኸው። "ከወጣሁ አለቀ" ነበር ያልከው፣ ስምህን እንኳ ሳታውቅ ያቺን ሕግ ታውቅ ነበር። እንግዲህ ልጁ አይወጣም፤ ልጅ መቼ ይወጣል? የሚያወጣው ትልቅ ሰው ነው። ጭንቅላቱን ከተመታ እጁን ይዘህ አውጣው፣ ጨዋታው ገደል ይግባ። ይህን ለማላውቃት ሴት ስል ነው የምለምንህ።

በል ተነስ፣ ቁጣዬ አለቀ። በምስጋና ቀን እመጣለሁ። የዱባ ኬክ እይዛለሁ፣ ግጥሚያውንም ከኔት ጋር ጎን ለጎን ቆሜ አያለሁ። ለኔት አትንገረው፤ ድንገት ልድረስበት።

አዳ


ብሬተን
ኖቬምበር 13፣ 1904፣ እሁድ

ለውድ አዳ፤

በምስጋና ቀን አትምጪ። እዚህ ሆቴሎቹ ሁሉ ተይዘዋል፣ አየሩም ከፍቷል። ኔት ትንሽ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል፤ ለዚያ ነው ያልጻፈልሽ። ሐኪም አይቶታል። አትጨነቂ።

ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዊልበር


ማርሎው
ኖቬምበር 15፣ 1904

ለወንድሜ ዊልበር፤

ወረቀትህና ጋዜጣው ዛሬ ጠዋት አብረው ደረሱኝ። አሁን ገባኝ ለምን አትምጪ እንዳልከኝ። ስለ ግሬይ አነበብኩ። ራሱን ስቶ ከሜዳ በቃሬዛ መውጣቱን፣ ሐኪሞቹም ተስፋ እንደማይሰጡ። እኔን! ባለፈው ቁጡ ደብዳቤዬ ስላስከፋሁህ ይቅር በለኝ። ምን ሆነህ እንደምትቀመጥ ይታየኛል፤ ሣር የምትነጭበት ወራት አይደለም፣ መሬቱ ጠንክሯል።

እናቱ ደርሳለች? ካልደረሰች አሁኑኑ ቴሌግራም ምታላት፣ "ልጅሽ ታሟል፣ ነይ" ብለህ ብቻ። ከዚያ በላይ ወረቀት ላይ አትጻፍ። ያልፍ እንደሆነ ግን፣ እግዜር አያምጣውና፣ በቴሌግራም እንዳታረዳት። አንተ ራስህ ሂድና ደጇ ላይ ቁም፣ ቆብህን አውልቀህ ንገራት። ሩቅ ነው አትበል። በሕይወት ሳለ ከደረሰች እጁን ትያዘው፤ የማይሰማ ሲመስልም ይሰማል፣ እናቴ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እጄን ትጨብጠኝ ነበር።

ኔት ጉንፋኑ ሲለቀው ልጁ አጠገብ ይቀመጥ። ሆደ ቡቡ ነውና ብዙ አታሳየው፤ ግን ብቻውን የተኛ ልጅ ኔትን የመሰለ ጓደኛ ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ለልጁ የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ። የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚበርደው እግሩን ነው። ልኩን ስለማላውቅ በኔት እግር ለክቼ ነው የሠራሁት፤ ለመጪው ገና ጀምሬለት ነበር፣ ለእሱ ሌላ እሠራለታለሁ። ለእናቱም አንድ ወረቀት ጽፌ አብሬ አሽጌያለሁ። ያለሽፋን ነው፤ አንብበህ ስጣት።

አዳ


ለማላውቅሽ እህቴ፣ ለግሬይ እናት፤

አዳ እባላለሁ። ልጅ የለኝም፤ ግን ያሳደግሁት ወንድም አለኝ፣ ከልጅሽ ጋር አንድ ኮሌጅ ይማራል። ጋዜጣውን አንብቤ ልቤ ስለተነካ ነው የምጽፍልሽ።

ልጅሽ መጫወቱን አለመናገሩን ሰምቻለሁ። አሁን ተቀምጠሽ "እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ" እያልሽ ራስሽን እንደምትበይ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ያንን ነበር የማደርገው። አትበይ። አንቺ አላጠፋሽም። ልጆች ይዋሻሉ፤ የእኔም ይዋሻል። የሚዋሹት ስለሚንቁን አይደለም፤ ስለሚወዱን፣ እንቅልፍ እንድንተኛ ነው። ያሳደግሽው በደንብ ነው፤ ወድቆ የሚነሳ ልጅ ከመሬት አይበቅልም፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲነሳ አይቶ ነው።

ብቻውን አልነበረም። ወንድሜ እዚያው ነው፣ አሰልጣኙም ደግ ሰው ነው፤ በቤታችን ስለኖረ አውቀዋለሁ። ቢመሽም ቢነጋም በስሙ እጸልይለታለሁ፤ ስሙን አውቄዋለሁ።

እህትሽ፣ አዳ ሆልከም


ብሬተን
ኖቬምበር 17፣ 1904

አዳ፤

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

ጥቅልሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ግሬይ የሚባል ልጅ የለም። ኔት ነው። ከሴፕቴምበር ማለቂያ ጀምሮ ኔት ነበር። ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዐረፈ።

ቅዳሜ ነው የወደቀው። ቅዳሜ ቴሌግራም ብመታልሽ እሑድ ትደርሺ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እጁን መያዝ ትችዪ ነበር። ይነቃል፣ ነቅቶ ራሱ ይነግርሻል፣ እኔም መሐላዬን ማፍረሴ በሳቅ ያልፋል እያልኩ ዛሬ ነገ አልኩ። እሑድ ጉንፋን ነው ብዬ ስጽፍልሽ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው።

ስለ ጨዋታው ከጠየቅሽኝ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማወቅ ይገባሻል። በመጀመሪያው አጋማሽ ተጋጣሚዎቻችን እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሽብልቅ ገቡበት። ተነሳ። በእረፍቱ ወደ እኔ መጣና "ይቅርታ ጌታዬ፣ የምንጫወተው ከማን ጋር ነው?" አለኝ። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ጌታዬ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ካወጣሁት እንደማይመለስ አሰብኩ፣ በአምስት ነጥብ እየመራን ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹን ጠየቅኩት። አንድም ሳይሳሳት ሁሉንም ነገረኝ። ቁጥሩን ካወቀ ደህና ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና "ሂድ" አልኩት፤ በሁለተኛው አጋማሽ ወድቆ ዳግም አልተነሳም። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጁን ይዘህ አውጣው የሚለው።

አስከሬኑ ነገ ተጭኖ ቅዳሜ ይደርሳል። ካልሲውን አድርጌለታለሁ። የሞት ወረቀቱ ላይ ግሬይ ነው የሚለው። የውድድሩ ወቅት ሳያልቅ ስሙ ከተቀየረ ያሸነፍናቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይሰረዛሉ ብለው ፕሬዚዳንቱና የማኅበሩ ሰዎች ለመኑኝ፤ እሺ አልኩ። ወቅቱ እንዳለቀ ለጋዜጣው እጽፋለሁ። ደጅሽ ላይ ቆሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አልቻልኩም፣ ፈራሁሽ። በቴሌግራም እንዳታረዳት ስላልሽም በእሱ የባቡሩን ሰዓት ብቻ ነው የማስታውቅሽ።

ዊልበር


ማርሎው፣ አዮዋ
ዲሴምበር 6፣ 1904

ለሚስተር ክሬን፤

ከቀብሩ ወዲህ የላኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። እንዴት እንደሆንኩ ጠይቀዋል። የጠየቁትን እመልሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ አይጻፉልኝ።

ቴሌግራምዎ "የቅዳሜውን ባቡር ጠብቂ" ነበር የሚለው። ኔት ጉንፋኑ ለቆት ለምስጋና ቀን ቀድሞ የሚመጣ መሰለኝ። አልጋውን አነጠፍኩ፤ ኬኩንም ጋገርኩ። ጣቢያው ቆሜ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን አየሁ። ሰው አለቀ። የጣቢያው ሹም ሚስተር ዱጋን መጡና "አዳ፣ በስምሽ የተላከ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ያለው ግን ጆን ግሬይ ይላል። ዘመድሽ ነው?" አሉኝ።

ምን እንዳልኳቸው ያውቃሉ? "አይደለም" አልኳቸው። "ስህተት ነው፣ ይህ ልጅ እናት አለችው፣ ወደ እሷ መልሱት" አልኳቸው። ደግሞ ኔት አስከሬኑን አጅቦ መጥቶ ይሆናል ብዬ ወደ ፉርጎው ሮጥኩ፤ ስሙን እየጠራሁ። ከሳጥኑ በቀር ማንም አልነበረም። ደብዳቤዎን ሚስተር ዱጋን ከፖስታው ከረጢት አውጥተው የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሳጥኑን ለመውሰድ "የጆን ግሬይን አስከሬን ተረክቤያለሁ" ብዬ ፈረምኩ። ሚስተር ዱጋን ኔትን ከተወለደ ጀምሮ ያውቁታል፤ ከፍተው አዩት፣ አለቀሱ፣ ግን ወረቀቱ እንዲያ ስለሚል እኔም እንዲያው ፈረምኩ። ካልሲው በልኩ ነው።

የፈረሳችንን ስም በጋዜጣ አንብቤ የሳቅሁ ሴት ነኝ። ጣቱን፣ ጽሕፈቱን፣ ስሙን፣ ሁሉንም ሰጥታችሁኝ ነበር፤ አላየሁም። አሁን ደግሞ በየደብዳቤዎ ንስሐ ይልኩልኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በምስጋና ቀን አሸነፋችሁ አሉ። ወቅቱ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ማክሰኞ አልፏል፤ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፣ የኔት ስም የለም። የግሬይ አለ። በፎቶግራፉ ዙሪያ ጥቁር መስመር አስምረው ኮሌጁ በስሙ ጸሎት ማድረጉን ጽፈዋል። ነብራስካ ያለው አጎታችን፣ ቺካጎ ያሉት ያክስቴ ልጆች፣ አብረውት የተማሩት ልጆች፣ ማንም ኔት መሞቱን አያውቅም። አጎቴማ ትናንት ደብዳቤ ላከልኝ፤ "ኔት ኮሌጁን እንዴት አገኘው?" ይላል። ለእያንዳንዳቸው እኔው መጻፍ አለብኝ፤ እስካሁን አንዱንም አልቻልኩም።

ስሙን ለጋዜጣው እንዲሰጡ ከእንግዲህ አልለምንዎትም። መሐላዎን አይቼዋለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በኖቬምበር አሥራ አምስት ለግሬይ እናት ብዬ የጻፍኩት ወረቀት እርስዎ ዘንድ ቀርቷል። መልሰው ይላኩልኝ። ውስጡ ምን ብዬ እንደጻፍኩ በደንብ አላስታውስም፤ አንቺ አላጠፋሽም የሚል ነገር ያለበት ይመስለኛል። ሌላ የማጽናኛ ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ ያን ማንበብ እፈልጋለሁ።

አዳ ሆልከም